እርማት፦ የእባብ እንቁላል ሳይሆን እንጉዳይ ነው

«ከጓሮው የእንጨት ፍቅፋቂ ስር የወጡት ነጫጭ እንቁላሎች የእባብ ናቸው፤ በረኪና ድፉባቸው» የሚለው ምክር ስህተት ነው። በአውሮፓ ጓሮዎችና ጫካዎች እንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ ፋለስ ኢምፑዲከስ የተባለው የሚገማ እንጉዳይ ነው፤ ገና ያልፈነዳ።

ጓንት አድርጋችሁ አንዱን ቀስ ብላችሁ አንሱት። ሥር የመሰለ ነጭ ክር ተከትሎት ይወጣል፤ የእባብ እንቁላል ይህ የለውም። ከላይ እስከ ታች ስትሰነጥቁት ከስስ ቆዳው ስር የሚያዳልጥ ጄሊ፣ ቀጥሎ ጥቁር አረንጓዴ ዝቃጭ፣ መሃሉ ላይ የተጨመቀ ነጭ ግንድ ይታያል። ጄሊው ከሌለና የትንሽ ጃንጥላ ቅርጽ ካያችሁ ግን አማኒታ ከተባሉት እንጉዳዮች ገዳዩ ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አፍ የሚሄድ ነገር አይደለም።

ሲፈነዳ ግንዱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ10 እስከ 25 ሳ.ሜ ያድጋል። ግማቱ መርዝ አይደለም፣ ዝንብ መጥሪያ ነው። ስፖሩ (እንጉዳዩ እንደ ዘር የሚራባበት ብናኝ) ያለው ዝቃጩ ውስጥ ስለሆነ ዝንቦች ልሰው ያሰራጩታል፤ የማር እንጀራ የመሰለው ነጭ ቆብ ብቻውን ይቀራል፣ ሽታውም ይቀንሳል።

ተክል አይገድልም፤ የሚመገበው የሞተ እንጨት ነው። በረኪናው እንጨቱ ውስጥ የተሰራጨውን የእንጉዳዩን ክር ሳያጠፋ አፈሩንና አትክልቱን ይጎዳል። ሽታው ካስቸገረ ሳይፈነዳ ነቅሎ መጣል ይበቃል።