የልጆችን አንጎል የሚጠብቀው ደንብ እንጂ ሄልሜት አይደለም

በልጆች የንክኪ ስፖርት አንድ ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ በተጎዳ ቁጥር፣ ከወላጆችም ሆነ ከክለብ ኃላፊዎች በቅድሚያ የሚሰማው ጥያቄ ስለ መሣሪያ ነው፤ ሄልሜቱ ምን ዓይነት ነበር፣ አዲስ ነው ወይስ ያረጀ፣ ከዚህ የተሻለስ አይገኝም ወይ የሚል። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚመነጭ ቢሆንም አቅጣጫውን የሳተ ነው። የአንጎል መናወጥ ወይም ኮንከሽን የሚባለው ጉዳት የሚደርሰው የራስ ቅል ስለተሰበረ ሳይሆን፣ ቅሉ ምንም ሳይሆን በውስጡ ያለው አንጎል ስለተናጠ ነው። ከውጭ የሚደረብ ነገር በውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ መግታት የሚችለው ደግሞ ፊዚክስ በፈቀደለት መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ክርክሩ ከመሣሪያ ወደ ጨዋታ ደንብ መዞር አለበት፤ ይኸውም ልጆች ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ፣ በምን ያህል ፍጥነትና በሳምንት ስንት ጊዜ እንዲጋጩ እንፈቅዳለን ወደሚለው ጥያቄ።

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ እዚሁ እንሥራው። አንድ ልጅ ተጠልፎ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከ1.25 ሜትር ከፍታ በነፃ የወረደ ያህል መሬት ቢመታ፣ መሬቱን በሚነካበት ቅጽበት ፍጥነቱ በሴኮንድ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። የምቱን ክብደት የሚወስነው ይህ ፍጥነት ዜሮ እስኪሆን ድረስ ጭንቅላቱ የሚጓዘው ርቀት ነው። የወደቀበት ከፍታ ለመቆሚያው ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ጭንቅላቱ የመሬት ስበትን ስንት እጥፍ በሚያህል መጠን ፍጥነቱን እንደተነጠቀ ይነግረናል። ደረቅ ወለል ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ 125 እጥፍ ነው፤ ባለሙያዎቹ 125 ጂ ይሉታል። የሄልሜቱ ውስጠኛ ስፖንጅ መቆሚያውን ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢያረዝመው ቁጥሩ ወደ 50 ጂ ይወርዳል። የመጀመሪያው ምት በ4፣ ሁለተኛው በ10 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ያበቃል፤ አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ድረስ ሁለቱም አልቀው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የሄልሜት ሥራ እንግዲህ ይኸው ነው፤ መቆሚያውን በአንድ ወይም በሁለት ሴንቲ ሜትር ማርዘም። ይህን በሚገባ እንደሚሠራ መካድ አይቻልም። በአሜሪካ ፉትቦል የሚሞቱ ተጫዋቾች ቁጥር አሳሳቢ ደረጃ ላይ በመድረሱ፣ በ1969 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኖክሲ የተባለው የስፖርት መሣሪያዎች ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ያወጣው የሄልሜት መመዘኛ ሥራ ላይ ከዋለና በ1976 ጭንቅላትን አስቀድሞ ሰው መግጨት በደንብ ከተከለከለ በኋላ፣ በጭንቅላት ጉዳት የሚሞቱት ተጫዋቾች በእጅጉ ቀንሰዋል። ከሁለቱ አንዱ የደንብ ለውጥ እንደነበር ልብ ይሏል። መመዘኛው ግን የተሠራው የሰው ጭንቅላት አምሳያ ሄልሜት አድርጎ ቁልቁል ሲወድቅ የሚደርስበትን ቀጥተኛ ምት በመለካት ላይ ነበር፤ ጭንቅላቱ ምን ያህል እንደሚዞር መለካት የተጀመረው ብዙ ቆይቶ ነው።

ለኮንከሽን ዋናው ነገር ደግሞ ዙሪቱ ነው። ይህን ከሁሉ ቀድሞ በግልጽ ያስረዳው ሆልቦርን የተባለ የኦክስፎርድ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው በ1943 ነበር። አንጎል በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከየአቅጣጫው እኩል ቢጫኑት አይጨመቅም፤ ቅርጹን ለሚያዛባ ግፊት ግን በቀላሉ ይበገራል። ቀጥተኛ ምት አንጎልን በአብዛኛው በአንድነት ሲገፋው፣ ዙሪት ግን አንዱን ክፍል በሌላው ላይ ያንሸራትተዋል፤ የመጽሐፍ ሽፋኖችን ይዘን በተቃራኒ አቅጣጫ ስንገፋቸው ገጾቹ እንደሚንሸራተቱት ማለት ነው። ሆልቦርን የራስ ቅል ቅርጽ ባለው ዕቃ ውስጥ ጄላቲን አድርጎ በድንገት በማዞር፣ ጄላቲኑ ክፉኛ የሚዛባባቸው ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ አሳይቷል። አንድ አዋቂ አንጎል 1,400 ግራም ያህል እንደሚመዝንና በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ላይ በመንሳፈፉ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ዝቅ እንደሚል ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ፈሳሹ ክብደትን ያቀላል እንጂ፣ ቅሉ በድንገት ሲዞር አንጎሉ ወደኋላ መቅረቱን አያስቀርም።

አንድን ምት ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ቴስታ ይዘላሉ፤ አንዱ ቀድሞ ኳሷን ይነካል፣ የሌላው ግንባር ከጎን መጥቶ መንጋጋው ላይ ያርፋል። ምቱ በጭንቅላቱ መካከል ሳይሆን ከዳር ስለሆነ ጭንቅላቱ ከመገፋት ይልቅ በአንገቱ ላይ ይሾራል። ቅሉ መዞር ሲጀምር አንጎሉ ባለበት ሊቆይ ይሞክራል፤ ቅሉ አንገት በፈቀደው ልክ ደርሶ ሲቆም ደግሞ አንጎሉ ገና እየዞረ ነው። በዚህ መካከል አክሶን የሚባሉት ረጃጅም የነርቭ ክሮች ይሳባሉ። እነዚህ ክሮች ቀስ ብለው ቢሳቡ ይለጠጣሉ፤ በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ሲሳቡ ግን ግትር ይሆናሉ፣ በውስጣቸውም ጉዳት ይደርሳል። የሴሎቹ ሽፋን ይዛባና ፖታሲየም ወደ ውጭ፣ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ አንጎል ይህን ሚዛን ለመመለስ ከወትሮው የበለጠ ግሉኮስ በሚፈልግበት ሰዓት ደግሞ ወደ እሱ የሚሄደው ደም ሊቀንስ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን በተለመደው ሲቲ ስካን ላይ ምንም አይታይም። ራሱን የሚስተውም ከአሥር ተጎጂዎች አንድ እንኳ አይሞላም። ሜዳ ዳር ቆሞ «ራሱን አልሳተም፣ ስለዚህ ደኅና ነው» የሚል ሰው የሚፈርደው ጉዳቱን በማያሳይ ምልክት ነው።

ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ተጋላጭ ናቸው ሲባል ግን ምክንያቱን በጥንቃቄ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም የፊዚክሱ የመጀመሪያ መልስ ተቃራኒውን ስለሚመስል ነው። ሁለት አንጎሎች በሁሉም ነገር ተመሳስለው በመጠን ብቻ ቢለያዩ፣ ያንኑ ያህል መዛባት ለማድረስ ትንሹ የበለጠ ኃይለኛ ዙሪት ያስፈልገዋል፤ ርዝመቱ በግማሽ ሲያንስ የሚያስፈልገው የዙሪት አክሰለሬሽን (የመዞሪያው ፍጥነት የሚለወጥበት መጠን) አራት እጥፍ ይሆናል። ግንደ ቆርቁር የተባለው ወፍ ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲደበድብ ውሎ የማይጎዳውም በዋናነት ስለዚህ ነው፤ አንጎሉ ጥቂት ግራም ብቻ ናት። ለረጅም ጊዜ ቅሉ ምቱን የሚውጥ ልዩ አሠራር አለው ይባል ነበር፣ በ2022 የታተመ ጥናት ግን እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ አሳይቷል። (የወፉን ቅል አስመስለን ሄልሜት እንሠራለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ይህን አላነበቡም መሰለኝ።)

ታዲያ ይህ ጥቅም ለልጆች ለምን አይደርሳቸውም? የልጅ አንጎል ቶሎ ስለሚያድግ ነው። አንድ ልጅ በ6 ዓመቱ አካሉ ገና ትንሽ ሆኖ ሳለ የአንጎሉ መጠን የአዋቂን 90 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ይህን በስሌቱ ውስጥ ብናስገባው ከመጠን ማነስ የሚያገኘው ጥበቃ ከ10 በመቶ በታች ነው። በዚያ ምትክ የሚሸከመው ጉድለት ብዙ ነው። ጭንቅላቱ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፣ አንገቱ ቀጭን ነው፣ የነርቭ ክሮቹን የሚሸፍነው ማይሊን የተባለው ልባስም ገና አልተሟላም። የአንገቱ ነገር በተለይ ወሳኝ ነው። ምቱን አስቀድሞ ያየና አንገቱን ያጠነከረ ተጫዋች ጭንቅላቱን ከደረቱ ጋር ስለሚያስተሳስር፣ የሚገፋው ጭንቅላቱ ብቻ ሳይሆን ከነትከሻው ይሆናል፤ ክብደቱ ሲጨምር የፍጥነት ለውጡ ይቀንሳል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስፖርተኞች ላይ የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት፣ የአንገት ጥንካሬ በአንድ ፓውንድ በጨመረ ቁጥር የኮንከሽን ዕድል በ5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ሆኖም ጡንቻ ለማጠንከር መጀመሪያ ምቱ ሲመጣ ማየት ያስፈልጋል፤ ኳሷን ብቻ የሚያይ የ9 ዓመት ልጅ ደግሞ ከጎን የሚመጣውን አያይም።

በዚህ ላይ የክብደት ልዩነት ይጨመራል። ውድድሮች ልጆችን የሚመድቡት በአብዛኛው በዕድሜ ነው፤ በ12 እና በ14 ዓመት መካከል ግን እኩዮች የሆኑ ሁለት ልጆች በ20 ኪሎ ሊበላለጡ ይችላሉ። 50 ኪሎና 30 ኪሎ የሚመዝኑ ልጆች እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 4 ሜትር እየሮጡ ፊት ለፊት ተጋጭተው ቢያያዙ፣ ሁለቱም በትልቁ አቅጣጫ በሴኮንድ 1 ሜትር ይቀጥላሉ። የትልቁ ፍጥነት የተለወጠው በ3 ሜትር ሲሆን የትንሹ ግን በ5 ሜትር ነው። አንዱ ከሌላው ያላነሰ ድፍረት አለው፤ ሞመንተም (የክብደትና የፍጥነት ብዜት) ግን ድፍረትን አይቆጥርም።

እነዚህን ነገሮች ሄልሜት አይነካቸውም፤ ደንብ ግን ይነካቸዋል። በበረዶ ሆኪ ተጋጣሚን በአካል መግጨት 11 እና 12 ዓመት ለሆናቸው ልጆች በአልበርታ ሲፈቀድ በኩቤክ ተከልክሎ ነበር፤ ሁለቱን የካናዳ ግዛቶች ያነጻጸረና በ2010 የወጣ ጥናት በአልበርታ የኮንከሽን መጠን ወደ አራት እጥፍ ተጠግቶ አገኘው። ሁለቱም ጋ ልጆቹ ሄልሜት ያደርጋሉ። ሆኪ ካናዳ በ2013 ክልከላውን ለዚያ ዕድሜ በመላ አገሪቱ አጸናው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታን ከለከለ፤ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ ማኅበራትም በ2020 ከ12 ዓመት በታች ያሉት በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይሠሩ መመሪያ አወጡ።

ልምምድ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከባድ ነው። የአሜሪካው የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ7 እና የ8 ዓመት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ሄልሜት ውስጥ መለኪያ አስገብተው በ2012 ባወጡት ውጤት፣ አንድ ልጅ በአንድ የውድድር ዘመን በአማካይ 107 ምት ያስተናግድ ነበር፤ ከከባዶቹ ምቶች አብዛኞቹም የደረሱት በግጥሚያ ሳይሆን በልምምድ ነው። ይህ ማለት ከከባዶቹ ምቶች አብዛኞቹን ያመጣው የፉክክሩ ግለት ሳይሆን አሠልጣኙ ራሱ የሚያዝዘው መልመጃ ነው። በዚያው ዓመት ፖፕ ዋርነር የተባለው የልጆች ሊግ፣ የመጋጨት ልምምድ ከጠቅላላው የልምምድ ጊዜ ከሲሶ እንዳይበልጥ፣ ከ3 ያርድ (2.7 ሜትር ገደማ) በላይ ተራርቀው በሙሉ ፍጥነት ፊት ለፊት የሚጋጩበት መልመጃም እንዲቀር አደረገ። ሁለተኛው ደንብ ፊዚክስ የገባው ሰው የጻፈው ይመስለኛል። ከቆመበት እኩል እየፈጠነ የሚነሣ ሯጭ የሚይዘው ኃይል ከመንደርደሪያው ርቀት ጋር እኩል ያድጋል፤ መንደርደሪያው በግማሽ ሲያጥር የግጭቱ ኃይልም በግማሽ ይወርዳል። ሄልሜት ምቱን ያለሰልሳል እንጂ ልጆቹ ይዘውት የሚመጡትን ኃይል አይቀንስም፤ ይህ ደንብ ግን ይቀንሰዋል፣ ምንም ወጪም የለውም።

ከአሠልጣኞች ዘወትር የሚሰማው ተቃውሞ፣ ልጆች መጋጨትን በትንሽነታቸው ካልለመዱ በኋላ ሲጀምሩት ይበልጥ ይጎዳሉ የሚል ነው። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል፣ እኔም አሳማኝነቱን አልክድም። ነገር ግን በካናዳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 17 በሆነ የሆኪ ተጫዋቾች ላይ ተፈትኖ በ2022 የታተመው ውጤት፣ በአካል የመግጨት ልምዳቸው ረዘም ያለው ተጫዋቾች ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ጉዳት እንደደረሰባቸው ያሳያል። አወዳደቅን፣ ጭንቅላትን ከመንገድ ማውጣትን፣ ትከሻን ማስቀደምን በዝግታና በትራስ ላይ ማስተማር ይቻላል፤ ሙሉ ፍጥነት የሚጨምረው ትምህርት ሳይሆን ጉዳት ነው።

ግጭት ባለበት ጨዋታ ደንቡ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ምት ጨርሶ አይጠፋም፤ ስለዚህ ከምቱ በኋላ ያለውም ደንብ ይቆጠራል። በአምስተርዳም በ2022 የተሰበሰቡት የዘርፉ ባለሙያዎች ኮንከሽን የተጠረጠረበት ተጫዋች ወዲያው እንዲወጣና በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ እንዳይመለስ ይላሉ፤ የአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ልጅ እንዳይመለስ የሚያዝዝ ሕግ ያወጣው በ2009 ነው። የመጀመሪያው ምት ያናጋው የሴሎች ሚዛን ሳይስተካከል ሁለተኛ ምት ቢደርስ፣ ቀላል የሚባል ምት እንኳ የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ልጁ ራሱ እንዲወስን መጠየቅም ከንቱ ነው፤ መጫወት ይወዳል፣ የተጎዳውም ውሳኔ የሚሰጥበት አንጎሉ ራሱ ነው። አሠልጣኙም ቢሆን በውጤት የሚጠየቅ ሰው ስለሆነ ውሳኔው ከእሱ እጅ ወጥቶ ሜዳ ዳር ለዚሁ ለተመደበ ሰው መሰጠት አለበት፤ ያ ሰው ካጠራጠረው ልጁ ይውጣ፣ ተቀያሪ ያለቀበት ቡድንም በአንድ ሰው ጎድሎ ይጨርስ።