ጫጫታው ዓሣውን አይገድለውም፤ ቀልቡን ይነሳዋል

በአውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ በሚባለው ባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ዐለት ስፓይኒ ክሮሚስ የምትባል መዳፍ የምታክል ዓሣ አለች። አብዛኞቹ የሪፍ ዓሦች እንቁላላቸው ሲፈለፈል ጫጩቶቹን ለባሕር ይለቃሉ። ከዚያ በኋላ ዕድላቸው ነው። ስፓይኒ ክሮሚስ ግን ልጅ አሳዳጊ ናት። እናትና አባት ተጋግዘው ጎጇቸውን ይጠብቃሉ። ጫጩቶቹም ከሥራቸው አይጠፉም። ጠጋ እያሉ ከወላጆቻቸው ገላ ላይ ያለውን ልጋግ ይቃርማሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 38 እንዲህ ያሉ ጎጆዎችን ለሁለት ከፈለ። በ19ኙ አጠገብ የሞተር ጀልባ ድምፅ ተለቀቀ። በቀሩት 19 አጠገብ ደግሞ የሪፉ የራሱ የተለመደ ድምፅ። የሞተር ድምፅ የደረሰባቸው ወላጆች ጥለው አልሸሹም። እንዲያውም ጥበቃውን አበዙት። አላፊ አግዳሚውን ማባረር ሥራቸው ሆነ። መብላት ቀነሱ፤ ከልጆቻቸው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜም ቀነሰ። መጨረሻ ላይ ከ19ኙ ጎጆዎች በ6ቱ አንድም ጫጩት አልተረፈም። በሌላው ወገን ግን ልጆቹ ሙሉ በሙሉ ያለቁበት አንድም ጎጆ አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ጎጆዎቹ አጠገብ የተቀመጠው ጀልባ አይደለም። ስፒከር ነው። ዘይት አልፈሰሰም፣ ማንንም የመታ ፕሮፔለር የለም። ድምፅ ብቻ ነው።

ስለ ውኃ ውስጥ ጫጫታ በተነሳ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ ያው ነው፦ ስንት ዓሣ ሞተ? ካልሞተ ምን ችግር አለው፣ ይሸሻል፣ ሲረጋጋ ይመለሳል ይባላል። እኔ ጥያቄው ራሱ ከመነሻው ተሳስቷል ባይ ነኝ። እርግጥ ፍንዳታ ሲኖር ወይም ባሕር ወለል ላይ የብረት ምሰሶ እየተቀጠቀጠ ሲተከል፣ በጣም የቀረበ ዓሣ በሆዱ ያለው የሚያንሳፍፈው የአየር ከረጢት ሊፈነዳ፣ ሊሞትም ይችላል። አብዛኛው ዓሣ ግን ጫጫታ የሚያገኘው ከሩቅ ነው፤ በየቀኑ፣ በጥቂት በጥቂቱ። አይሞትም። ይዘናጋል። የዱር እንስሳ መዘናጋት ደግሞ እንደኛ ስብሰባ ላይ ማንጎላጀት አይደለም።

ዓሣ ጆሮ አለው እንዴ የሚል አይጠፋም። አለው፤ ከውጭ ስለማይታይ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ በጥቃቅን ፀጉሮች ላይ ያረፈች ትንሽ ጠጠር አለች። የዓሣው ገላ ክብደቱ ከውኃው ጋር ስለሚቀራረብ፣ ድምፅ ሲመጣ ከውኃው ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ጠጠሯ ግን ከበድ ስለምትል ወደ ኋላ ትቀራለች። ያኔ ፀጉሮቹ ይጎነበሳሉ፤ ዓሣው ሰማ ማለት ነው። (የብዙ ዓሦች ዕድሜ የሚቆጠረውም በዚህችው ጠጠር ላይ ባሉት ቀለበቶች ነው።) ብዙዎቹ በዚያ ላይ የአየር ከረጢታቸው እንደ ከበሮ ድምፁን ያጎላላቸዋል። ውኃ ውስጥ ብርሃን ሩቅ አይሄድም። ድምፅ ግን በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ 340 አካባቢ ነው። ለዓሣ መስማት ማለት ለእኛ ማየት እንደማለት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ያወራሉም። በካሊፎርኒያ ሳውሳሊቶ በተንሳፋፊ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሌሊት ሌሊት ከወለላቸው ሥር በሚመጣ የማያቋርጥ እምምምታ እንቅልፍ አጡ። የፍሳሽ ፓምፕ ነው ተባለ። የጦር ኃይሉ ድብቅ ሙከራ ነው ያለም ነበር። ሲጣራ ሚድሺፕማን የሚባል ዓሣ ሆኖ ተገኘ። ወንዱ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ሴት እየጠራ ኖሯል። ሴቷ ካልሰማችው አትመጣም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከፋው። የሚድሺፕማን ዘመድ የሆነ ቶድፊሽ በፖርቱጋል ታጉስ ወንዝ አፍ ላይ ይኖራል። እዚያው በተቀዳ የፌሪ ጀልባ ድምፅ ሲፈተሽ፣ የመርከቡ ድምፅ የቢጤዎቹን ጥሪ እንደሚሸፍንበት ታይቷል። ሙሽራው ይዘፍናል፤ የሚሰማው የለም።

ሌላው ማምለጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ አሁንም ግሬት ባሪየር ሪፍ ላይ፣ ዳምሰልፊሽ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦችን ተመለከተ። አዳኛቸው ዶቲባክ ይባላል። ሞተር ጀልባ በሚያልፍበት ጊዜ ዶቲባኩ የበላቸው ትንንሽ ዓሦች ቁጥር ጸጥ ካለው ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ጫጫታ ያስጨነቀው ዳምሰልፊሽ አዳኙ ሲወረወርበት ቶሎ አይደነግጥም። የሰከንድ ሽራፊ ይዘገያል። ያቺ ሽራፊ ናት ሕይወቱ። ታዲያ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ጠገበ የሚል አለ። ለዚያች ሰዓት እውነት ነው። ግን በዚያች ሰዓት የተበላው ዓሣ በሚቀጥለው ወቅት እንቁላል አይጥልም።

አጥማጆች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሰሜን ኖርዌይ አቅጣጫ በባረንትስ ባሕር ላይ አንድ ሙከራ ተደረገ። ነዳጅ ፍለጋ የሚሠሩ መርከቦች ባሕር ወለሉን ለማጥናት በአየር ጠመንጃ ተከታታይ ፍንዳታ ያሰማሉ። ያ ድምፅ በተለቀቀ ጊዜ በመርከብ በሚጎተት መረብ የሚያዘው የኮድና የሃዶክ ዓሣ ምርት በአማካይ በግማሽ ገደማ ወረደ። መቀነሱ የተመዘገበው ከቦታው 33 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ተኩሱ ካቆመ 5 ቀን ካለፈ በኋላም ምርቱ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን እዚያው ኖርዌይ፣ ቬስተሮለን አጠገብ፣ በተመሳሳይ ድምፅ ሥር፣ ባለበት በሚቆም መረብ የሚያዘው የአንዳንድ ዓሦች ምርት ጨመረ። በመንጠቆ የሚያዘው ደግሞ ቀነሰ። አንድ ሰው የመረቡን ቁጥር ብቻ ይዞ ቢመጣ፣ ጫጫታ ለዓሣ ይስማማዋል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ የተለየ ነው። የተረበሸ ዓሣ ወዲህ ወዲያ ይላል። ወዲህ ወዲያ ሲል ቆሞ የሚጠብቀው መረብ ውስጥ ይገባል። መንጠቆ ላይ ያለው ምግብ ግን አያጓጓውም፤ ቀልቡ ሌላ ቦታ ነው። ቁጥር ብቻ ቆጥረን ባሕሩ ሰላም ነው ማለት እንደማንችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዓሣ አይለምድም ወይ? ይለምዳል፣ አንዳንዱ። ደጋግሞ የሰማውን ድምፅ ችላ የሚል አለ። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን በሙሉ አምኖ መቀበልም ይከብዳል፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፣ ዓሣው መሸሻ የለውም። ለዚህ ነው እዚህ ይበልጥ የተደገፍኩት በባሕሩ ላይ በተሠሩት። የመርከብ ድምፅ ይህን ያህል ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ነው እየተባለ ከአውሮፕላን ጋር ሲነጻጸር ካያችሁም አትደንግጡ። የውኃና የአየር ዴሲቤል መለኪያቸው አንድ አይደለም። ለተመሳሳይ የድምፅ ኃይል የውኃው ቁጥር በ60 ገደማ ከፍ ይላል።

ሕጉስ? ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለንግድ መርከቦች መመሪያ አውጥቷል፤ በ2023 አሻሽሎታል። ግዴታ ግን አይደለም፤ የወደደ ይከተለዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ጣራ አስቀምጧል፤ ለማያቋርጥ ጫጫታ ከመጠን በላይ የሚጋለጠው ከአንድ የባሕር አካባቢ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላል። ጥሩ ጅምር ነው። እኔ የሚጎድለኝ የቀን መቁጠሪያው ነው። ብዙ ዓሦች እንቁላል የሚጥሉበት ቦታና ወር ይታወቃል። ኮድ ዓሣን ብንወስድ በየዓመቱ በታወቀ ጊዜ ይሰባሰባል፤ ወንዱም እያጉረመረመ ሴቷን ያባብላል። ዓመቱን ሙሉ ዝም በሉ ከማለት፣ በእነዚያ ሳምንታት እዚያ ቦታ ዝም በሉ ማለት ይቀላል። ትንንሽ ሞተር ጀልባዎችም ከሕጉ ዓይን መውጣት የለባቸውም። ከባሕር ዳርቻ አጠገብ የሚንጫጩት እነሱ ናቸውና።

ፕላስቲክ ቢጣል ለዘመናት ይቆያል። ጫጫታ ግን ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኒውዚላንድ በኮቪድ ምክንያት እንቅስቃሴ ስታግድ፣ በሃውራኪ ባሕረ ሰላጤ ትንንሽ ጀልባዎች ቆሙ። ዓሦችና ዶልፊኖች እርስ በርስ ሊሰማሙ የሚችሉበት ርቀት እስከ 65 በመቶ እንደሰፋ ተሰልቷል።

ወደ ስፓይኒ ክሮሚስ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አንድ ሙሉ የመራቢያ ወቅት ተከታተላቸው። ጀልባ በሚመላለስባቸው ሪፎች፣ በወቅቱ መጨረሻ ጫጩት የተገኘው በ40 በመቶ ጎጆዎች ነው። ጸጥ በተደረጉት ሪፎች በ65 በመቶ። የጀልባ ነጂዎቹ የተጠየቁት ከሪፉ ራቅ ብለው እንዲያልፉ፣ ከቀረቡም ቀስ ብለው እንዲነዱ ነው።