እርማት፦ ፕላስቲክና ሜርኩሪ ለየቅል ናቸው

ወንድሜ፣ «ትልቁ ዓሣ ትንሹን ስለሚበላ ማይክሮፕላስቲክ የሚጠራቀመው ትልቁ ላይ ነው፤ ትንንሹን ከነሆዱ መብላት ይሻላል» ያልከውን አነበብኩት። በቅንነት ነው፤ ግን ነገሩ ተገልብጦብሃል።

ያልከው ሜርኩሪ ለሚባለው መርዛማ ማዕድን ይሠራል። ሜርኩሪ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በላተኛ በተደራረበ ቁጥር ይጨምራል። ማይክሮፕላስቲክ ግን ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ስባሪ ነው። የባሕር ጥቃቅን እንስሳት ምግብ መስሏቸው ይውጡታል፣ እነሱን ደግሞ ዓሣ ይበላቸዋል። እስከዚህ ልክ ነህ። ከዚያ አብዛኛው አንጀት ውስጥ ቆይቶ ይወጣል። በጣም ደቃቁ ወደ ሌላ አካል ሊያልፍ ይችላል፤ ግን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየበዛ መሄዱ እንደ ሜርኩሪው በግልጽ አልታየም።

ሐይቅ ከተማ ቆሮሶ ዓሣ ስታስጠብስ፣ ልጁ ሆዱን በቢላ ሰንጥቆ አንጀቱን ሲጥል አይተህ የለ? ፕላስቲክ ካለበት በብዛት የሚሄደው ከዚያ ጋር ነው። ከነሆዱ የሚበላው ትንሹ ዓሣ ነው እንግዲህ ይበልጥ የሚያሳስበው።

«ወሎ ባሕር የለው፣ ምን አገባን» ላልከውም፣ በኮምቦልቻ የሚያልፈው የቦርከና ወንዝ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ኮምቦልቻ ላይ የጣልነው ፌስታል የትም አይሄድልንም።