የቡንሰን ማንደጃ፦ ትንሽ እርማት
«የላብራቶሪውን የጋዝ ማንደጃ ሮበርት ቡንሰን ብቻውን ፈለሰፈው» የሚለው ልክ አይደለም። በርግጥ ጋዙ ከመቀጣጠሉ በፊት ከአየር ጋር ይቀላቀል ያለው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቡንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ገደማ ቀርጾ የሠራው ግን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ መካኒክ ፒተር ዴሳጋ ነው። ከነሱ በፊት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይም ተቀራራቢ ማንደጃ ሠርቷል። ስሙ ለፕሮፌሰሩ ቀረ፤ ያው የተለመደ ነው።

ደግሞ ቡንሰን ያለ ማንደጃውም ዝና አይጎድለውም። ጥላሸት በሌለው ነበልባል ላይ ጨው እያቃጠለ፣ ብርሃኑን ከፊዚክስ ሊቁ ኪርሆፍ ጋር በፕሪዝም ሲመረምር ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን፣ በ1860 ሲዚየምን፣ በ1861 ሩቢዲየምን አገኙ። ሲዚየምን ለይቶ ለማውጣት 40 ቶን ያህል የማዕድን ውሃ አስተንኗል። የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጠፋውም ማንደጃው ሳይሆን ቀደም ሲል የፈነዳበት የአርሰኒክ ውህድ ነው።