«ልጁ ሐይቅ ሄዷል»

ደሴ መጥቼ ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አቅቶኛል። የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አካባቢ ነው። መንግሥት ከወላጆቻቸው ወስዶ ሌላ ቤት ያስቀመጣቸው ልጆች እናትና አባታቸውን ሲያገኙ አብሬ እቀመጣለሁ። ልጁን ከአሳዳጊዎቹ ቤት በመኪና አመጣለሁ። እናትየው ትመጣለች። አንድ ክፍል ውስጥ ይጫወታሉ። እኔ ጥግ ይዤ አያለሁ፣ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ልጁን እመልሳለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህንን እህቴ ቤት ቡና ላይ ስናገር ሳቁ ጦሳ ተራራ ድረስ ተሰማ። «አሜሪካ ድረስ ሄደህ ሞግዚት ሆንክ?» አለኝ አንዱ አብሮ አደጌ። የእናቴ የልብ ጓደኛ እትዬ ግን አልሳቁም። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጇን ስታቅፍ ቁጭ ብለህ ታያታለህ? ደግሞ ትጽፍባታለህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «አስተግፊሩላህ!» አሉ። በረካው እስኪጠጣ ድረስ እኔ የእናት ጠላት፣ አሜሪካም ልጅ ነጣቂ ሆነን ዋልን።

እኔም አሜሪካን ለመከላከል አልተጣደፍኩም። ያንን ክፍል አውቀዋለኋ! ያረጀ ሶፋ አለ። ጎማው የወለቀ የልጆች መኪና አለ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ልጁም እናቱም እኔም እሱን ነው የምናየው። ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። ደንቡ ከቦታ ቦታ ቢለያይም መንፈሱ አንድ ነው። ስለ ፍርድ ቤቱ ጉዳይ ለልጁ አታውራ። «በቅርቡ ወደ ቤት ትመጣለህ» ብለህ ቃል አትግባ። አታንሾካሹክ። ሳታስፈቅድ ፎቶ አታንሳ። ስጦታ ከማምጣትህ በፊት ጠይቅ። መምጣትህን በዋዜማው ደውለህ አረጋግጥ። ሩብ ሰዓት ካረፈድክ ቀጠሮው ይሰረዛል። አውቶቡሱ ዘገየ፣ በረዶ ጣለ ብትል ሰሚ የለህም። እናት ከሩብ ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ አሳልፋ እያለከለከች ስትደርስ ልጇ መኪናዬ ውስጥ ቀበቶው ታስሮለት አይቻለሁ። በመስኮት እጁን አውለበለበላት።

የቋንቋው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ተቆጣጣሪው የማይሰማውን ቋንቋ ማውራት ክልክል ነው። እኔንም የቀጠሩኝ አማርኛ ስለምሰማ ነው። ከእኔ በፊት አንዲት የአገራችን ሴት (ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ) ልጇን «ሀው ኢዝ ስኩል?» እያለች ነበር የከረመችው። ልጁ በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል፤ እሷ ግማሹ አይገባትም። ዝም ትላለች። ፋይሉን ስከፍት ምን ተጽፎ አገኘሁ? «እናትና ልጅ ብዙም አይነጋገሩም።» አይነጋገሩም! አፏን ለጉመው ዲዳ ናት ብለው ጻፉ።

እኔ የገባሁ ቀን «አፈር ስሆን፣ በልተሃል?» አለችው። በምሳ ዕቃ እንጀራ በአልጫ ይዛለች። ጠቅልላ አጎረሰችው። ደገመችው። ልጁ አፉን ከፍቶ ሦስተኛውን ይጠብቃል። እኔም ያየሁትን ጻፍኩ። አለቃዬ ጠራችኝና «በራሱ መብላት የሚችል ልጅ አይደለም እንዴ? ለምን በእጇ ታበላዋለች?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ስለ ጉርሻ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ዛሬ አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ስለ ጉርሻ የሚያብራራ አንድ ገጽ አለ፤ ጸሐፊው ደሴ የተወለደ፣ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ነው።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር ይህችንም ልናገር። እናትየው ከቀረች የእኔም ሰዓት ቀረ ማለት ነው። ነድቼ ልጁን አምጥቼ፣ መስኮት መስኮት ሲያይ አብሬው ጠብቄ፣ እያለቀሰ መልሼ፣ የሚከፈለኝ ሽርፍራፊ ነው። ያለቀሰበት ጊዜ በየትኛው ሳጥን እንደሚሞላ ብጠይቅ የመለሰልኝ የለም። ደሴ ይህንን አላወራሁም። ዶላር ይበላል የተባለ ሰው ብሶት አያምርበትም።

ያቺ አንድ ሰዓት ቀላል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን ፎስተር በሚሉት አሳዳጊ ቤት ካሳለፈ፣ መንግሥት የወላጅነት መብቱ እንዲቋረጥ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ያዛል። ልጁ ዘመድ ጋር ካለ ሊታለፍ ይችላል፤ ሌሎችም ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ለሌላው ግን ቀን ይቆጠራል። እኔ ጥግ ይዤ የምጽፋት ወረቀት እዚያ ሚዛን ላይ ትወጣለች። ስለዚህ እናቶቹ ሲያዩኝ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ አይገርመኝም።

ግን ልጆቹ በባዶ ሜዳ አልተወሰዱም። የተደበደበ አለ። ቤቱ ውስጥ ዕፅ የሚጨስበት አለ። ብቻውን ተቆልፎበት ተርቦ የተገኘ አለ። እንደዚያም ሆኖ እናቱን ይናፍቃል። እዚህ ላይ ሥራውን ያስለመደችኝን ሴትዮ ላመስግናት። ወረቀቷን አጥፋ ወለል ላይ የምትቀመጥ ሰው ናት። ልጁ ከመድረሱ በፊት እናትየውን ለብቻ ታገኛትና «ሮጦ ላያቅፍሽ ይችላል። መጀመሪያ ወደ መጫወቻው ቢሄድ እንዳትከፊ፤ ተከተይው» ትላታለች። ሰዓቱ ከማለቁ በፊት ለልጁ ቀድማ ትነግረዋለች። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን እናቱ በአፏ እንድትነግረው ታደርጋለች። ልጁ ከጉብኝት ተመልሶ አልጋ ሲያረጥብ፣ ሲናከስ፣ አሳዳጊዎቹ «አየሽ፣ እናቱን ባየ ቁጥር ይረበሻል፤ ይቅርበት» ሲሏት መልሷ አጭር ነው፦ «ናፍቆት ነው።»

እንግዲህ የእትዬን ቁጣ ውጬ በተቀመጥኩ በሁለተኛው ቀን ነው አንጀቴ የበገነው። እሑድ ነበር። ከእህቴ ቤት ፊት ለፊት ካለው የቆርቆሮ በር አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። በእጇ ፌስታል ይዛለች። አንኳኳች። በሩ በስሱ ተከፈተና አንዲት ልጅ ብቅ ብላ «ልጁ ሐይቅ ሄዷል» አለቻት፤ ከደሴ ወጣ ብላ ያለችውን የሐይቅን ከተማ ማለቷ ነው። ዘጋችው። ሴትዮዋ ትንሽ ቆማ ሄደች። እኔ ሰገነት ላይ ስለነበርኩ ልጁ ይታየኛል። ጓሮ ተንበርክኮ ብይ ይጫወታል።

እህቴን ጠየቅኳት። ታሪኩን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሴትዮዋ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። የምታርፈው እሑድ ብቻ ነው። በእረፍቷ ቀን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥታ ትመጣለች። ባልና ሚስቱ የተለያዩት በሽማግሌ ነው። ባልየው ሳዑዲ ሄደ፤ ልጁ ከአባቱ እናት ጋር ቀረ። ሽማግሌዎቹ አልጋውን አካፍለዋል፣ ፍሪጁን አካፍለዋል፣ ቴሌቪዥኑ ለማን እንደሚሆን ግማሽ ቀን ተከራክረዋል። ስለ ልጁ የተባለው ምንድን ነው? «አባቱ ዘንድ ይሁን፤ እናቱም ትየው።» መቼ ትየው? የት? ለስንት ሰዓት? በሩን ማን ይከፍትላታል? ይህንን የጠየቀ የለም።

ቡናው ላይ የጮኹብኝ ሁሉ ይህንን ያውቃሉ። እትዬም ያውቃሉ። «ምን እናድርግ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ አያገባንም» አሉኝ። ቆይ፣ የዴንቨሯ እናት ጉዳይ እንዴት አገባቸው?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 ላይ፣ ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ወላጅና ልጅ የሚጠያየቁበትን መብትም አብሮ ይወስናል ይላል። የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9፣ ከወላጁ የተለየ ልጅ፣ ለእሱ ጉዳት ከሌለው በቀር፣ ወላጁን በየጊዜው የማግኘት መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የዚህ ስምምነት አባል ናት። ከመንግሥታቱ ድርጅት አባል አገሮች ሁሉ ያላጸደቀችው ማን ናት? አሜሪካ። ያላጸደቀችው አገር ሶፋና ሰዓት ያለው ክፍል አዘጋጅታ ነጂ ቀጥራለች። ያጸደቅነው እኛ ልጁን ሐይቅ እንልከዋለን።

ስሳደብ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ ዘመድ ልጅ በማሳደግ ወሎን የሚያህል አላየሁም። እኔ ራሴ ያደግኩት አክስቴ ቤት ነው። ፊርማ የጠየቃት የለም፣ ወርሃዊ ክፍያም አልነበራት። ጎረቤቱ ሁሉ ይቆጣኛል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያበላኛል። ዴንቨር ያሉ ልጆች ይህ ቢኖራቸው ግማሾቹ እኔን አያውቁኝም ነበር። እናቴ ግን በፈለገችው ቀን ትመጣ ነበር። በር የዘጋባት አልነበረም።

የፌስታሉን ነገር ያወቅኩት ከባለሱቁ ነው። ጋሼ ሱቃቸው መንገዱ ማጠፊያ ላይ ነው። እሑድ እሑድ ሴትዮዋ ሱቁ ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ልጁ ስኳር ወይም ክብሪት ግዛ ተብሎ ከተላከ ታየዋለች። ካልተላከ ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ሲገናኙ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ስኳሩ ከዘገየ አያቱ ይጠይቃሉ። ያን ቀን ፌስታሉን እሳቸው ጋር ትታ ሄዳለች። ከፍተው አሳዩኝ፤ አዲስ ሸራ ጫማ ነው። «አይሆነውም» አሉኝ፤ «ሁለት ቁጥር ያንሰዋል። ልጁ አድጓል እኮ።» እግሩን ካየች ስንት ጊዜዋ፣ ቁጥሩን ከየት ታምጣው?

ጋሼን አከበርኳቸው። እኔ በደመወዝ የምሠራውን እሳቸው በነፃ ይሠሩታል። አንድ ነገር ግን አላስቻለኝም። እዚያው ቆሜ ልጁ መጣ። ምንም ሳልጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና «ስኳር ልገዛ ነው የመጣሁት» አለኝ። ፈጠን ብሎ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። «ለአያትህ እንዳትነግር» ተብሏላ። ሰው ባየ ቁጥር ማስተባበል ለምዷል። «አታንሾካሹክ» የምትለዋ የዚያ ክፍል ደንብ ለምን እንደተጻፈች እዚህ ደሴ ላይ፣ ልጁ ሲዋሽ ሳይ ነው ቁልጭ ብላ የታየችኝ። ልጁ በሁለት ቤት መካከል ምስጢር እንዳይሸከም ነው።

አያትየውን ሄጄ አናገርኳቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። ቂጣ አቀረቡልኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ «ልጄ፣ መጥታ ታላቅሰውና ትሄዳለች። ሌሊቱን ሙሉ የማባብለው እኔ ነኝ። ሁለት ቀን አይበላልኝም። አላየኋትም ብሎ ቢረሳት ይሻለዋል» አሉኝ። ዴንቨር በእንግሊዝኛ የሰለቸኝን ነገር ሐረጎ አናት ላይ በወሎ አማርኛ ሰማሁት። እኔም ያስለመደችኝን መለስኩላቸው። «ናፍቆት ነው፣ እማማ። ቀኑን ቢያውቀው ይቀንስለታል።» ዝም አሉ።

በሳምንቱ እትዬን፣ ጋሼን፣ ከሽማግሌዎቹም አንዱን እህቴ ቤት ሰበሰብኩ። አያትየውም መጡ። እሑድ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥር፣ እህቴ ቤት እንዲሆን ተስማማን። ሽማግሌው «ትየው ብለን ጨርሰን ነበር እኮ፤ ምን ቀረ?» ብለው ትንሽ ተቀየሙ። አያትየው «ይዛው ብትጠፋስ? መሀል የሚቀመጥ ሰው አምጡ» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ልመለስ ቀኔ ደርሷል። ጋሼ እሑድ ገበያዬ ነው አሉ። እህቴ ቡናውን አፈላለሁ እንጂ ሰው አልጠብቅም አለች። እትዬ እግራቸውን እንደሚያማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩኝ። ስምምነቱን ጽፌ አስፈርሜአለሁ፤ «ተቀማጭ» ከሚለው ፊት ያለው መስመር ግን እስካሁን ባዶ ነው። እትዬም «አብሽር፣ ሰው አይጠፋም» ይሉኛል።