ከማልቀሳችን በፊት ዘሩን ጠየቅን

ወገኖቼ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ የተቀየመ ይቀየም። ይሄን ነገር ስንት ዓመት ይዤው ዞርኩ፣ አልለቅ አለኝ።

መጋቢት 2014 መጀመሪያ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቷል። እኔና ሦስት የሥራ ጓደኞቼ ሁሌ ምሳ የምንበላበት ቤት በያይነት አዘን ተቀምጠናል። አንዱ ስልኩን አወጣና «ይሄን አይታችኋል?» ብሎ ከትሪው በላይ ዘረጋልን። ቴሌግራም ላይ ሲዞር የነበረው ቪዲዮ ነው፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው ከነነፍሱ ሲቃጠል። ዙሪያውን መሣሪያ የያዙ፣ ዩኒፎርም የለበሱም ያልለበሱም ሰዎች ቆመዋል፣ አንዱ ይቀርጻል፣ ሌሎቹ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ደመራ ሊያይ የወጣ ሰው ነው የሚመስሉት።

እኛ ምን አልን? እግዚኦ ያለ የለም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት፣ ሌላ ሰው ላይ አላላክክም፣ እጄ ሽሮ እንደነካ «ከየት ነው ልጁ?» አልኩ። «የትግራይ ልጅ ነው» አለኝ። ያኔ ደረቴ ውስጥ የሆነውን ለመጻፍ ሁለት ሦስቴ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ቀለለኝ። የኛ ስላልሆነ ቀለለኝ። ጦርነት ላይ ነበርን፣ አዎ፣ የአጎቴ ልጅ ግንባር ነበር፣ አዎ፣ ይሄን ሁሉ ምክንያት ሌሊት ሌሊት ለራሴ ደርድሬዋለሁ፣ አንዱም አልሠራም።

ተጨማሪ እንጀራ ይዛ የመጣችው አስተናጋጅ ከትከሻዬ ኋላ ሆና አየችው። ልጅ ናት፣ ሃያም አይሞላት። እንጀራውን ሳታስቀምጥ እንደያዘችው ቆመችና «እናቱ ይሄን አይታው ይሆን?» አለች። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። ማንም አልመለሰላትም። ጓደኛዬ «ቃሪያ ጨምሪልን» አላት።

ቃሪያ ጨመረችልን። በላን። ያን ቀን ሥጋ አልቀመስኩም፣ ወተት አልነካሁም፣ እንደኛ ሂሳብ ጾሜን አልገደፍኩም።

ቦታው መተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። ጉባን ታውቁታላችሁ፣ ህዳሴ ግድቡ ያለበት ወረዳ። የካቲት 13 ግድቡ መብራት ማመንጨት ጀመረ ብለን ፕሮፋይላችንን ቀየርን፣ የካቲት 23 አድዋን አከበርን፣ በማግስቱ እዛው ወረዳ ሰው አቃጠልን። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) አጣርቶ የመንግሥት የጸጥታ ሰዎች እንዳሉበት ተናገረ፣ የመንግሥት ኮሙኒኬሽንም እርምጃ ይወሰዳል አለ። «አቃጠልን» ያልኩት አፌ ስቶ አይደለም። እሳቱን የለኮሰው ሌላ ነው፣ እሺ፣ ቪዲዮው ሥር የሳቅ ኢሞጂ የደረደረውስ ማነው? እኔ ኢሞጂ አላደረግኩም፣ እንጀራዬን ነው የጠቀለልኩት።

ሻሸመኔ ላይ በ2010 ሰው ተሰቅሎ የታየ ጊዜ፣ ከዛ ማይካድራ፣ አክሱም፣ ቶሌ… ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፣ ሁላችሁም የየራሳችሁ ዝርዝር አላችሁ፣ ችግሩም እሱ ነው፣ የኔ ዝርዝር ላይ ያለው ሬሳ ያንተ ላይ የለም፣ ያንተን ደግሞ እኔ ፎቶሾፕ ነው እላለሁ።

ድሮ ቅዱሳን ነበርን እያልኳችሁ አይደለም፣ ድሮም እንጋደል ነበር። ግን ማቆሚያ ነበረው። አያቴ ገበያ መሀል ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ መቀነቷን ፈታ መሀላቸው ስትገባ በልጅነቴ አይቻለሁ፣ ቁመቷ ከወገባቸው አያልፍም፣ ግን ቆሙ፣ እየተሳደቡም ቢሆን ቆሙ። የኦሮሞ እናቶች ሲንቄያቸውን፣ የክብር በትራቸውን፣ ይዘው ከገቡ ጠብ ይበርዳል፣ ቄሱ መስቀሉን ይዞ ይገባል፣ ሼሁ ይገባል። አላፊ አግዳሚው ደግሞ «በሕግ አምላክ!» ይላል። ይቺን ቃል ልብ ብላችኋታል? ፖሊስ ሳይኖር ጠበቃ ሳይኖር ሰው እጁን አንስቶ እንዲቀር የምታደርግ ቃል ነበረች። ያን ቪዲዮ ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሜ የከፈትኩት ለዚህ ነው፣ ድምፁን ጨምሬ፣ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ተው» ሲል እሰማ ይሆን ብዬ። እኔ አልሰማሁም። ከዛ ደግሞ የኛን ጠረጴዛ አሰብኩ፣ እዛስ ማን አለ?

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የምንጎርፈው ለምንድነው እስቲ? ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከእሳት አወጣ ብለን አይደል? ታሪኩን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል፣ ናቡከደነፆር ምስል አቆመ፣ መለከት ሲነፋ ስገዱ አለ፣ ሜዳው ሙሉ ሰገደ፣ ሦስቱ ግን እምቢ አሉ። በዛ ሁሉ ሕዝብ መሀል ነፃ የነበሩት የታሰሩት ሦስቱ ናቸው፣ ሌላው እጁ ሳይታሰር ባሪያ ነበር። ሙስሊም ወንድሞቼም እሳቱን ታውቁታላችሁ፣ ነቢዩ ኢብራሂም ለጣዖት አልሰግድም ብሎ የተጣለበት ነው። ዛሬ ምስሉ ዘር ነው፣ ፓርቲ አለው፣ ዩቲዩብ ቻናል አለው፣ መለከቱ ኖቲፊኬሽን ነው፣ ሲጮህ እንደፋለን። ከዛ ስለት ተሸክመን ቁልቢ እንወጣለን። መልአኩ ወደ እሳቱ የወረደው የልጆቹን መታወቂያ አይቶ ነው እንዴ?

እግዜርን መፍራት ባርነት የሚመስላቸው አሉ፣ እኔም ወጣት እያለሁ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚገባኝ ሌላ ነው። እሱን ብፈራ ኖሮ ያን ቀን ሦስት ምሳ የምንበላ ሰዎችን አልፈራም ነበር። ያኔ ለሕወሓትና ለደጋፊዎቹ የወጣች «ጁንታ» የምትባል ቃል ነበረች፣ ትዝ ትላችኋለች፣ «ኧረ ነውር ነው» ካልክ ትለጠፍብሃለች። እሷን ፈርቼ ዝም አልኩ። አስተናጋጇ አልፈራችም፣ ወይም መፍራት እንዳለባት አልደረሳትም፣ የሰው እናት ታየቻት።

እና እናንተ፣ አንገታችሁ ላይ ክር፣ እጃችሁ ላይ ሙሰባህ ያላችሁ፣ የለበጣ አሜንና አልሐምዱሊላህ ኮሜንት የምትጽፉ፣ ከዛ ወረድ ብላችሁ «ይበላቸው» የምትሉ፣ ኧረ እባካችሁ። እባካችሁ ነው የምለው፣ ለቁጣውም አቅም አለቀብኝ። ሌላ ቪዲዮ መምጣቱ አይቀርም፣ የዛኔ «ከየት ነው» የምትለዋን ጥያቄ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ያዙልኝ። አንድ ደቂቃ፣ እናቱን እስክታስቡ። ከዛ ከፈለጋችሁ ጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ቤት፣ ሌሎች ሰዎች ጋር ቡና እየጠጣን አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «ይሄን አይታችኋል?» አለ። ያው ድምፅ ነው፣ ሆዴ አወቀው። አላሰብኩበትም፣ «በሕግ አምላክ ዝጋው» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፣ ራሴም አፈርኩ። ሳቁብኝ፣ «ጋሼ ከየት ያመጣሃት ቃል ናት» አለ አንዱ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ልጁ ግን እየሳቀ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ትንሽ ቆይቶ ውሃ አዘዘ።