ደም ብቻውን አያስነብብም

የጨለማ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት) ወዳጆች ሲገናኙ ጨዋታው ከሬሳ ቆጠራ ይጀምራል። ማን በስንተኛው ጥራዝ ሞተ? እንዴት ተገደለ? ከሁሉም የከፋው ገጽ የትኛው ነው? አንዱ ያየውን ሲያወራ ሌላው «ይህማ ምን አለው፣ እኔ ያነበብኩትን ብታይ» እያለ ይፎካከረዋል። እኔም ለዓመታት ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ስለዚህ ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ነገር ቀላል ነው። የወደድኳቸውን ሥራዎች ከዓመታት በኋላ ሳስታውስ የተቆረጠውን ክንድና የፈሰሰውን አንጀት እያምታታሁ አገኘሁት፤ የማን እንደነበረ እንኳ አልለይም። ያልጠፋብኝ ሌላ ነገር ነበር።

ዳቦ አልጠፋብኝም። ታትሱኪ ፉጂሞቶ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ የጀመረው ቼይንሶው ማን፣ አባቱ ትቶለት የሞተውን የወንበዴዎች ዕዳ በሚከፍል ዴንጂ በሚባል ልጅ ይከፈታል። ዴንጂ ኩላሊቱንና አንድ ዓይኑን ሸጧል። አብሮት የሚኖረው ፖቺታ የሚባል፣ ከግንባሩ ላይ የሞተር መጋዝ የበቀለበት ውሻ መሰል ትንሽ ዲያብሎስ ብቻ ነው፤ ያገኙትን ቁራሽ ዳቦ ይካፈላሉ። የልጁ ሕልም ምንድን ነው? ማርማላታ የተቀባ ዳቦ መብላት። በዚያው የመጀመሪያ ምዕራፍ ዴንጂ ተቆራርጦ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጣላል፣ ፖቺታ ልብ ሆኖለት ከሞት ይነሣል፣ ገዳዮቹንም በመጋዝ ይበትናቸዋል። ይህ ሁሉ አልፎ ከእኔ ጋር የቀረው ማርማላታው ነው።

ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ለማወቅ የመጽሔቱን ባሕርይ ማየት ይጠቅማል። ሾነን ጃምፕ የሚታወቀው ወዳጅነት፣ ጥረትና ድል በሚሉ ሦስት ቃላት ነው። አንባቢዎች በፖስታ ካርድ ድምፅ ሲሰጡበት የኖረ፣ ደረጃው ዝቅ ያለን ሥራ በጊዜ የሚያሰናብት ቤት ነው። በዚህ ቤት የተለመደው ጀግና የሚመኘው ከሁሉ የበላይ መሆንን ነው፤ ታላቅ ሕልም ደግሞ ታሪኩን ለብዙ ዓመታት ይጎትታል። የዴንጂ ሕልም ግን ገና በማለዳው ይሟላል። በላ፣ ጠገበ፣ አልጋ አገኘ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ዲያብሎስ በማደን ሥራ ባልደረቦቹ ከሆኑት ከአኪና ከፓወር ጋር በአንድ ቤት መኖር ይጀምራል። ፓወር አትክልት አልበላም ትላለች፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ውኃ አትለቅም፣ አኪ ይናደዳል። እነዚህን ገጾች ሳነብ የሳቅሁትን ያህል ሆዴ ይረበሽ ነበር። ምንም የሌለው ልጅ አሁን የሚወሰድበት ነገር አገኘ ማለት ነው።

ታሪክ ጨለማ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የማናውቀው ሰው በመቶ ዓይነት መንገድ ቢገደል ገጽ ገልጠን እናልፋለን። ከማን ጋር ቁርስ እንደሚበላ ያየነው ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ ግን ልባችን አብሮት ይሄዳል።

በዚህ ረገድ ከኬንታሮ ሚዩራ ቤርሰርክ የሚስተካከል አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1989 መታተም የጀመረው ይህ ሥራ የሚያስገርመኝ በአጋንንቱ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ የታሪኩ ቅደም ተከተል የበለጠ ይገርመኛል። ሚዩራ በመጀመሪያዎቹ ጥራዞች የሚያሳየን አንድ ዓይና፣ ግራ ክንዱ በብረት የተተካ፣ በቁመቱ ልክ የሆነ ሰይፍ የተሸከመ፣ አፉ መራራ የሆነ ጋትስ የሚባል ሰው ነው። አይወደድም፤ እንድንወደውም አልታሰበም። ከዚያ ትረካው ወደ ኋላ ይመለስና ለአሥር ያህል ጥራዞች ወጣቱን ጋትስ፣ አለቃውን ግሪፊዝን፣ ካስካንና የጦር ጓዶቻቸውን ያስተዋውቀናል። እነዚህን ጥራዞች የሚያነብ ሰው ከጋትስ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ። ሁለቱ ዓይኖቹና ሁለቱ እጆቹ ገና አሉ። ጋትስ ግራ እጁን ለወዳጁ በዘረጋ ቁጥር ያ እጅ እንደማይቆይ እናውቃለን።

ከዚያ ሁሉ ጦርነት መካከል ደጋግሜ የምመለስበት ገጽ ውጊያ የለበትም። ሌሊት ነው። ጋትስና ካስካ ኮረብታ ላይ ሆነው የጓዶቻቸውን ሰፈር ቁልቁል ያያሉ፤ በየቦታው እሳት ነድዷል። ጋትስ እያንዳንዱን እሳት የአንድ ሰው ትንሽ ሕልም አድርጎ ያየዋል፤ ሁሉም እሳቱ እንዳይጠፋበት አምጥቶ ከትልቁ፣ ከግሪፊዝ እሳት ላይ ጨምሮታል። የእርሱ እሳት ግን በዚያ መካከል የለም፤ ለጥቂት ጊዜ ሊሞቅ ጎራ ያለ መንገደኛ ነው። ኋላ ግሪፊዝ ለሥልጣን ሲል ጓዶቹን በሙሉ ለአጋንንት መሥዋዕት ሲያደርግ፣ ጋትስም በጭራቅ መንጋጋ የተያዘውን የራሱን ክንድ በተሰበረ ሰይፍ ሲቆርጥ፣ በእኔ ዓይን የሚጠፉት እነዚያ እሳቶች ናቸው። ስለ ጭራቆቹ አሣሣል ብዙ ሲባል እሰማለሁ፤ ስለ ኮረብታው የሚያወራ ሲጠፋ ይከፋኛል።

እዚህ ላይ ወዳጆቼ የሚቆጡበትን ነገር ልበል። ቤርሰርክም ራሱ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ጥራዞች፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸምን ግፍ አንባቢን ለማስደንገጥ ያህል ብቻ የሚያቀርብባቸው ገጾች አሉት። «ዓለሙ ጨካኝ ስለሆነ ነው» የሚለው መከላከያ አያሳምነኝም። ሚዩራ ያለዚያም ማስፈራት እንደሚችል ኋላ በራሱ እጅ አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎች ደግሞ የወረሱት ይህንኑ ድካሙን ነው፤ ኮረብታውን ትተው ጭካኔውን ወሰዱ። በየምዕራፉ ሰው የሚጨፈጨፍበት፣ ማንም ከማንም ጋር ተቀምጦ የማያወራበት ማንጋ ስንት ጊዜ ጀምሬ በሦስተኛው ጥራዝ እንደተውኩ አልቆጥረውም። ሁሉም ሰው ሟች መሆኑ ከታወቀ ማን ለማን ይሠጋል?

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር ወረቀቱ ራሱ ነው። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ስለዚህ በግራ ገጽ ታችኛው ጥግ ያለው ሥዕል ገጹን ከመግለጣችን በፊት የምናየው የመጨረሻው ነው። ጎበዝ ሠዓሊ በዚያ ጥግ ላይ ጥያቄ ያስቀምጣል፤ ቀና ያለ ፊት፣ የተከፈተ በር። መልሱ ከወረቀቱ ጀርባ ነው፤ ገልጦ የሚያየውም አንባቢው በገዛ እጁ ነው። ፊልም ተመልካቹን ሳይጠይቅ ይወስደዋል። እዚህ ግን ገላጩ እኔ ነኝ፤ ላለመግለጥም እችል ነበር።

ፉጂሞቶ በዚህ እንዴት እንደሚጠቀም ለማየት ቼይንሶው ማን ውስጥ ባለታሪኮቹ ሲኦል የሚገቡበትን ክፍል ማንበብ ነው። ሜዳው አበባ ነው፤ ሰማዩ በሙሉ በሮች ናቸው። ከዚያ ከወገባቸው ለሁለት የተቆረጡ ጠፈርተኞች በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ እጆቻቸውን ለጸሎት አጋጥመው ይታያሉ። ጩኸት የለም፣ የሚያብራራም የለም። በሰልፉ መካከል ጨለማ የሚባለው ዲያብሎስ ይመጣል፤ ማንም ምንም ሳያደርግ የሁሉም ክንድ ይወድቃል። ያን ገጽ ሳይ ያስፈራኝ ሥርዓቱ ነበር። እነዚያን አካላት አንድ ሰው ተጨንቆ፣ አስተካክሎ ደርድሯቸዋል። ጹቶሙ ኒሄይም እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 ባወጣው ብላም ላይ እንዲሁ በዝምታ ይሠራል፤ ማለቂያ በሌለው ሕንፃ ውስጥ አንድ ሰው ሲጓዝ ገጽ ከገጽ ቃል ሳይሰማ ያልፋል። ኒሄይ ወደ ማንጋ ከመግባቱ በፊት የግንባታ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ደረጃው፣ ቧንቧው፣ የግድግዳው ክብደት ይህን ይናገራል።

ሳቅንም አለማንሣት አይቻልም፤ ሳቅ ከተባለ ደግሞ የኪው ሃያሺዳ ዶሮሄዶሮ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2018 የዘለቀ፣ 23 ጥራዝ ያለው ሥራ ነው። ካይማን ጭንቅላቱ በአስማት ወደ እንሽላሊትነት የተለወጠበት፣ ማንነቱንም የረሳ ሰው ነው። ጠንቋይ ሲያገኝ የጠንቋዩን ጭንቅላት እስከ አንገቱ ይጎርሳል፤ በጉሮሮው ውስጥ የሚኖር ሌላ ሰው ምርኮኛውን ያየዋል። ካይማንም ከተፋው በኋላ በአፌ ውስጥ ያለው ሰው ምን አለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚህ አሰቃቂ ምርመራ ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው? የጓደኛው የኒካይዶ ምግብ ቤት፣ ጊዮዛ የሚባለው በሥጋ የተሞላ የሊጥ ጥቅል፣ ጥጋብ። በጠላት ወገን ያሉት ነፍሰ ገዳዮችም ለጓደኞቻቸው የሚጨነቁ፣ አብረው የሚበሉ፣ በቀልድ የሚሳሳቁ ናቸው። ሃያሺዳ ለማን እንደምንወግን አትነግረንም፤ አንዱ ወገን ሲያሸንፍ በሌላው እናዝናለን። ጥሩና ክፉ በግልጽ በተለየበት ታሪክ ይህን የመሰለ ጭንቅ አላገኘሁም።

ሚዩራ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 በ54 ዓመቱ ሥራውን ሳይጨርስ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት ረዳቶቹ፣ የታሪኩን ፍጻሜ ከአንደበቱ በሰማው በወዳጁ በኮጂ ሞሪ መሪነት ቀጠሉት። እርሱ በሕይወት ሳለ ሲሠራበት የነበረው የመጨረሻ ምዕራፍ ግን ከሞቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣ። ከሠላሳ ዓመታት በላይ ጋትስ ሲያሳድደው የኖረው ግሪፊዝ በዚያ ምዕራፍ ከፊቱ ይቆማል። ገጹን ስገልጥ ሰይፍ እየጠበቅሁ ነበር። ግሪፊዝ ያለቅሳል።